የወተት ስኳር በሑዳዴ

እኔ ቁጭ ማለት አልችልም። ጎንደር ሳለሁ እናቴ «ይቺን ልጅ ምን እንደሚነክሳት እንጃ» ትል ነበር። አስመራ በመጣሁ በሦስተኛው ዓመት፣ በ1959 የሕማማት ሰኞ ጠዋት፣ ያው ያልታወቀ ነገር እየነከሰኝ ከፎርቶ ኮረብታ ሥር ባለው ላቦራቶሪያችን ውስጥ ከመስኮት ወደ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛ ወደ መስኮት ስመላለስ አንዲት ሴት በር ላይ ቆማ አየሁ። ነጠላዋን ተከናንባለች። በእጇ የታጠፈ ወረቀት ይዛለች። አትገባም፣ አትሄድም።

ማን እንደሆነች ማንም ሳይነግረኝ አወቅኋት። ለተገብርኤል ነበረች፤ አርብ ዕለት ስሟን ጽፌ የፈረምኩባት ሴት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሓዝሓዝ ሰፈር ባለ አንድ የሴት ልጆች አዳሪ ቤት አሥራ አንድ ልጆች በአንጀት ተስቦ ወደቁ። ጤና ቢሮው የወጥ ቤቱን ሠራተኞች ሰገራ በአምስት ብልቃጥ አድርጎ ላከልኝ። አራቱ ንጹሕ ሆኑ። በአምስተኛው ላይ «የተስቦ ባክቴሪያ ተሸካሚ» ብዬ ጻፍኩ። ተሸካሚ ማለት ራሱ ሳይታመም በእጁ ሌላውን የሚያሳምም ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ዕድሜ ልኩን ድስት አጠገብ አይደርስም። ለተገብርኤል ደግሞ እዚያ ዘጠኝ ዓመት ወጥ ሠርታለች፤ የምታድረው እዚያው ነው፤ ልጇ ኣዜብ እዚያው በነጻ የምትማረው የወጥ ቤቷ ልጅ ስለሆነች ነው። በእጇ የያዘችው ወረቀት እስከ ረቡዕ ከነልጅሽ ውጪ ይላል።

ልወጣላት አልፈለግሁም። እውነቱን ልናገር፣ የምንፈርምባቸው ሰዎች ቁጥር ሆነው ቢቀሩ ይሻለን ነበር። ሆኖም ቁጭ ማለት አልችልም ብያለሁ፤ ወጣሁ።

አላለቀሰችም፣ አልለመነችኝም። አንድም ቀን ትኩሳት ይዟት እንደማያውቅ በተሰባበረ አማርኛ ነገረችኝ። ከዚያ ያ ከሷ የተገኘው ነገር ምን አድርጎ እንደተያዘ ጠየቀችኝ፤ ልክ ስለ ሌባ እንደሚጠየቅ። እኔም ቸኩዬ፣ ያደረገው ሳይሆን ያላደረገው ነገር ነው የያዘው አልኳት። በሰው ሁሉ አንጀት ውስጥ የሚኖረው ጤነኛው ባክቴሪያ የወተት ስኳር ቆርጦ ይበላል፤ የተስቦው አይችልም፤ ያንቺም አልቻለም አልኳት።

ትንሽ አሰበች።

«ብጾም ደኣ መን ጸባ ይሰቲ?» አለች፤ እንዳልገባኝ መስሏት ደግሞ በአማርኛ፣ «በጾም ማን ወተት ይጠጣል፣ ሓፍተይ? በኛ ቤት የጸባ ዕቃ ከቅበላ ጀምሮ ተሰቅሏል። ማለቢያው ብቻውን አይሰቀልም፣ መናጫውም አብሮ ነው፣ የቅቤው ዕቃም። ፋሲካ ጸባ ሲመጣ ሁሉም አንድ ላይ ይወርዳል።»

ቀልዷን አልነበረም። ከሆዷ የወጣው ባክቴሪያም እንደ እሷው የሚጾም ክርስቲያን መስሏታል። ተናደድኩ። ወደ ቤቷ እንድትሄድ፣ የሚደረግ ነገር እንደሌለ ነግሬያት ጀርባዬን ሰጠኋት። ሁለት እርምጃ ሄጄ ቆምኩ።

ባለፈው ክረምት፣ አብሮን ይሠራ የነበረ ጣሊያናዊ አንድ መጽሔት ትቶልኝ ሄዶ ነበር። ፈረንሳይ አገር ያሉ ተመራማሪዎች ስለዚሁ ስለ ወተት ስኳር የጻፉት ነው። ባክቴሪያው የወተት ስኳር ለመብላት መሣሪያ ያስፈልገዋል፤ ስኳሩን ወደ ውስጥ የሚያስገባ በር፣ ከገባም በኋላ የሚቆርጥ ቢላዋ። የእነዚህ መሣሪያዎች መሥሪያ ትእዛዝ፣ ዛሬ ዘረመል የምንለው፣ ተራርቆ የተበተነ አይደለም፤ ጎን ለጎን የተሰለፈ ነው፤ የሚዘጋውም የሚከፍተውም አንድ ነው። የወተት ስኳር ከሌለ ሁሉም አብሮ ይዘጋል። ሲመጣ ሁሉም አብሮ ይከፈታል። አጠገቡ የወይን ስኳር በሽ በሽ ካለ ደግሞ፣ ያ ስለሚቀልለው፣ የወተቱን መሣሪያ አውጥቶ አይደክምም። ማለቢያው ብቻውን አይሰቀልም ያለችው ይህንኑ ነበር፤ ሳታውቀው።

ይህንን ሁሉ አውቃለሁ። መጽሔቱን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ታዲያ የሷ ባክቴሪያ በእርግጥ የወተት ስኳር መብላት የማይችል ነው? ወይስ መሣሪያውን ሰቅሎ ሳለ ነው የፈተንኩት? ይህ አሳብ አንዴ ከገባብኝ በኋላ ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩ።

ፈተናው ቀላል ነው። ከሰውየው የተገኘውን ባክቴሪያ የወተት ስኳር በገባበት በረጋ መረቅ ላይ አሳድራለሁ። በማግሥቱ ከሱ ወስጄ፣ ከሮም አውራ ጣት በምታህል ጠርሙስ ከሚመጣልን፣ የወተት ስኳርን ከሚመስል ዱቄት ጋር ብልቃጥ ውስጥ እበጠብጠዋለሁ። ባክቴሪያው ቢላዋውን ካወጣ ዱቄቱን ይቆርጠውና ውሃው ቢጫ ይሆናል። ካላወጣ ውሃ እንደሆነ ይቀራል። የለተገብርኤል ውሃ እንደሆነ ቀረ። ባክቴሪያዋ በሳህኑ ላይም የተስቦውን መልክ ይዟል፣ ተስቦን ለመለየት በምንጨምረው ሴረምም ተጓጉሏል። እንዲህ ያለ መንታ የሚመስል ባክቴሪያ እንዳለ በትምህርቴ አውቀዋለሁ፤ ጉዳት የለውም፤ ከተስቦው የምንለየው በዚያ ቢጫ ቀለም ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የራሴ ጥፋት አለ። በየፈተናው ጎን የታወቀ ጤነኛ ባክቴሪያ አብሮ መፈተን አለበት። እሱ ቢጫ ካልሆነ ጉድለቱ ከባክቴሪያው ሳይሆን ከሥራችን ነው። እኔ ግን ዱቄቷ እንዳታልቅ ብዬ፣ ስታልቅ ስድስት ወር ስለምጠብቅ፣ ከየካቲት ጀምሮ ይህንን ማረጋገጫ ትቼው ነበር። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ጤነኛውን ባክቴሪያ በየሳምንቱ በዚያው መረቅ ላይ እያደስን ነው የምናስቀምጠው። አወጣሁት። በጠበጥኩት። ሙቅ ውሃ ውስጥ አኖርኩትና ሰዓቴን አየሁ። በሩብ ሰዓት ቢጫ መሆን ነበረበት። ከመስኮት ወደ ጠረጴዛ ሄድኩ። በግማሽ ሰዓት ውሃ ነበር። መስኮቱን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። በአንድ ሰዓትም ውሃ ነበር። ዘጠኝ ዓመት የኖረችን ሴት ከቤቷ የማስወጣው በዚህ መረቅ ነው።

ወደ ዕቃ ክፍል ሮጥኩ። ሁለቱ የስኳር ማሰሮዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የወይን ስኳሩ ማሰሮ ከታች ሊላስ ደርሷል። የወተት ስኳሩ ክዳን ላይ ግን የካቲት 20 አዲስ ሲመጣ ራሴ የለጠፍኩት ማሸጊያ ወረቀት እንዳለ ነው፤ አልተቀደደም። ጾም የገባው የካቲት 27 ነው።

መረቁን የሚያዘጋጀው ኣቦይ ዓንደማርያም ነበር። ስልሳ ዓመት የሞላው፣ ጡረታው ሁለት ወር የቀረው፣ በጣሊያን ጊዜ ብርጭቆ አጣቢ ሆኖ ገብቶ ሥራውን በዓይኑ የተማረ ሰው ነው። በልጅነቱ ዲያቆን ነበር። መረቁ የሚሠራበትን ክፍል ሁላችንም ክሽነ፣ ማለት ወጥ ቤት፣ ነው የምንለው፤ እሱም የሚይዘው እንደ ቅድስት ነው። ስገባ ብልቃጥ ይወለውላል። የሕማማት ሰኞ ስለሆነ ከንፈሩ ደርቋል፤ እስከ ማታ እህል አይቀምስም።

የወተት ስኳሩ ማሰሮ ለምን እንዳልተከፈተ ጠየቅሁት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፣ ጨርቁን አስቀመጠ።

«እወ፣ እኔ ነኝ» አለ። «የወይኑን ነው ያደረግሁት።»

«ለምን?»

«በኣፍ ነው የሚሳብ፣ ጓለይ። ትንሽ ካለፈች ጾም ፈረሰ። ጸባ እኮ ነው።»

ያን ጊዜ ፈሳሹን የምንለካው በፒፔት ነው፤ ረጅሙን የመስታወት ቀሰም አፋችን ውስጥ አድርገን እስከ ምልክቱ ድረስ እንስበዋለን። ሁላችንም እንዲያ ነበር የምንሠራው። የስንቱን ነገር ጠብታ ውጠናል። ዱሮ በጾም የወተት ስኳሩን የሚስበው ያ መጽሔቱን የሰጠኝ ጣሊያናዊ ነበር፤ እሱ አገሩ ከገባ ወዲህ ኣቦይ ዓንደማርያም ብቻውን ያሳለፈው የመጀመሪያው ሑዳዴ ይህ ነው። ስኳር ስኳር ነው ብሎ አስቧል። ባክቴሪያ ጣፋጭ ካገኘ ምን ገዶት ብሏል።

ልጮህበት አፌን ከፈትኩ። ለምን አልነገሩኝም አልኩት።

እሱ ግን ዝግ ብሎ፣ ነግሬሽ ነበር አለኝ። በመጀመሪያው ሳምንት መጥቶ ስለ ወተት ስኳሩ ሊያናግረኝ እንደጀመረ፣ እኔም ከማይክሮስኮፑ ቀና ሳልል የጾምን ጉዳይ ከቄሶቹ ጋር ይጨርሱ እንዳልኩት አስታወሰኝ። ትዝ አለኝ። እንዲያውም ሥቄበት ነበር። አፈርኩ። እኔም እጾማለሁ፣ ግን የኔ ጾም ሲመቸኝ ነው፤ የሱን ጾም እንደ ሽማግሌ አመል ቆጥሬ አለፍኩት።

ለተገብርኤል በር ላይ እንደቆመች ነገርኩት። ወረቀቷ ምን እንደሚል፣ ልጇ ስንት ዓመቷ እንደሆነ፣ ባክቴሪያው በወይን ስኳር ላይ ሲያድር የወተቱን መሣሪያ በሙሉ አንድ ላይ እንደሚዘጋው ነገርኩት። ለማስረዳት ብዙ አልደከምኩም። ራሱ፣ «ከመይ ደኣ፣ ፍስክ ሳይመጣለት ጾመኛ ዕቃውን ያወጣል እንዴ?» አለ። ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ኣቦይ ዓንደማርያም በሥራ ሰዓት ሲቀመጥ ያን ቀን ነው ያየሁት።

ፌርማታው ላይ አውቶቡስ መጠበቅ ስላልቻልኩ እስከ ጤና ቢሮው በእግሬ፣ ግማሹን በሩጫ ሄድኩ። ኃላፊው አቶ ጋሻው የሸዋ ሰው ነው፤ ሲቆጣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ፈተናው ሊያሳስት እንደሚችል፣ እንደገና መሥራት እንዳለብኝ፣ እስከዚያ የሴትዮዋ ደብዳቤ እንዲቆይ ነገርኩት። አሥራ አንድ ልጆች እንደተኙ፣ አንዷም አራት ቀን ሙሉ ሰው እንደማታውቅ ነገረኝ። ያቺን ሴት መልሼ ድስት ላይ አቁሜ አሥራ ሁለተኛዋ ብትወድቅ ማን ይጠየቃል አለኝ። እውነቱን ነው።

«አርብ ነች ብለሽ ፈረምሽ» አለ። «ዛሬ አይደለችም ልትዪ ነው። የቱን ፊርማሽን ልመን?»

«የነገውን።»

እስከ ነገ ስድስት ሰዓት ሰጠኝ። ቢጫ ካልሆነ የሴትዮዋ ደብዳቤ እንደጸና፣ ለኔም ሌላ ደብዳቤ እንደሚጻፍ ነገረኝ። ስህተቱ የማን እንደሆነ ሲጠይቅ የኔ ነው አልኩ፤ ማረጋገጫውን ዘልዬ። ውሸት አልነበረም። ሙሉ እውነትም አልነበረም። ሁለት ወር የቀረውን ሰው ጡረታ በአፌ ማጥፋት አልቻልኩም።

ስመለስ ለተገብርኤል ከበሩ ፈቀቅ ብላ ከግንቡ ሥር ተቀምጣለች። እስከ ነገ እንድትጠብቅ ነገርኳት። ተስፋ አለኝ ወይ አላለችኝም፤ ልጇ ከትምህርት ስለምትወጣ መሄድ እንዳለባት ብቻ ተናግራ ሄደች።

ክሽነ ስገባ መረቁ ፈልቶ በስድስት ብልቃጥ ተቀድቷል። የወተት ስኳሩ ማሰሮ ወረቀት ተቀዷል። ኣቦይ ዓንደማርያም ስኳሩን በጥብጦ፣ በእንፋሎት አንጽቶ፣ አብርዶ ጠብቆኛል። ፒፔቱን በንጹሕ ጨርቅ ላይ አጋድሞታል።

እኔ ልሳበው አልኩት። እጄን ዘረጋሁ።

«ኣይፋልን» አለ። «ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

በሌላ ቀን ቢሆን እከራከረው ነበር። ፊቱን አይቼ ተውኩት። አማተበ፣ ፒፔቱን አፉ ውስጥ አደረገ፣ ጫፉን ስኳሩ ውስጥ ነከረ። ፈሳሹ በቀሰሙ ውስጥ ወደ ላይ ወጣ። ምልክቱ ላይ ደረሰ። አለፈው። አርባ ዓመት ፒፔት የሳበ ሰው ነው፤ እጁ ተሳስቶ አያውቅም። ሆን ብሎ ይሁን ደንግጦ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ፈሳሹ ከንፈሩ ሲደርስ ግን አየሁ። መታጠቢያው አጠገቡ ነው፣ መትፋት ይችል ነበር። አልተፋም። ጉሮሮው ሲወጣና ሲወርድ አየሁት።

ከዚያ ሌላ ፒፔት አንስቶ ቀጠለ። ስድስቱንም ብልቃጥ አንዲት ጠብታ ሳያዛንፍ ጨረሰ። መረቁ እስኪረጋ ብልቃጦቹን ዘንበል አድርጎ ደረደረልኝ። በአሥራ አንድ ሰዓት የለተገብርኤልን ባክቴሪያና ጤነኛውን በየብልቃጣቸው ዘርቼ ማሞቂያው ውስጥ ዘጋሁባቸው።

ማክሰኞ ጥበቃው በሩን ሳይከፍት ደረስኩ። ኣቦይ ዓንደማርያም ቀድሞኛል፤ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ዳዊቱን ይደግማል። ገባን። ሁለቱም በቅለዋል። ሁለት ብልቃጥ በጠበጥኩ፣ በሙቅ ውሃ ውስጥ ጎን ለጎን አቆምኩ።

ጤነኛው በሩብ ሰዓት ቢጫ ሆነ፤ እንደ አዲስ እርድ የደመቀ ቢጫ። ስለዚህ መረቁ ትክክል ነው። የለተገብርኤል ግን ውሃ ነበር።

ግማሽ ሰዓት። ውሃ። ለኣቦይ ዓንደማርያም፣ ይህ መንታ ባክቴሪያ በሩ ጠባብ ስለሆነ ስኳሩ ቶሎ አይገባለትም፣ ዘገምተኛ ነው አልኩት። ለሱ የነገርኩት መስዬ ራሴን ማጽናናቴ ነበር። እሱ ከክሽነው ደፍ አላለፈም። ከመስኮት ወደ ጠረጴዛ ሄድኩ። ምናልባትም እኮ ተሸካሚ ናት። ሰነፍ መሆኔና የሽማግሌው ጾም እውነቱን አይለውጠውም፤ መረቁ ተበላሽቶም ፍርዱ ትክክል ሊሆን ይችላል። ይህ ሲታየኝ መቀመጥ ብቻ ሳይሆን መቆምም አቃተኝ። ግቢውን ዞርኩት። ተመለስኩ። አንድ ሰዓት ሊሞላ ነው።

ብልቃጡን አንስቼ ወደ መስኮቱ ወሰድኩት። ከኋላው ነጭ ወረቀት ያዝኩ። የሆነ ነገር ያለ መሰለኝ። ግን ዓይኔን አላመንኩትም፤ ቢጫ ለማየት ሌሊቱን ሙሉ የጸለየ ዓይን ነው። አስቀመጥኩት፣ እንደገና አነሳሁት። በመጨረሻ ኣቦይ ዓንደማርያምን ጠራሁት። ብልቃጡ የማን እንደሆነ ሳልነግረው፣ ከአንድ ንጹሕ ውሃ ከያዘ ብልቃጥ ጋር አድርጌ ሰጠሁትና ምን እንደሚታየው ጠየቅሁት።

መነጽሩን አወለቀ፣ በጋቢው ጠረገ፣ አጠለቀ። ሁለቱንም በፀሐይ ላይ ያዛቸው።

«እዚኣ ብጫ ናት» አለ፤ የሷን እያሳየኝ።

በአምስት ሰዓት ማንም የማይጠራጠረው ቢጫ ሆኖ ነበር። አቶ ጋሻው ቢሮ ስደርስ ትንፋሼ ተቆርጦ መናገር ስላልቻልኩ ሁለቱን ብልቃጥ ጠረጴዛው ላይ አቆምኩለት፤ አዲሱንና የአርቡን። ሁለቱን አየ፣ ወረቀቴን አነበበ። ደብዳቤው እንዲሻር ወዲያው መልእክተኛ ላከ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ታዲያ ተስቦው ከየት ነው የመጣው አለ። ከሰዓት በኋላ ሰዎቹን ይዞ አዳሪ ቤቱ ሄደ። የመጠጥ ውሃው ጋን ግርጌ ተሰንጥቆ አገኙት፤ የመጸዳጃው ጉድጓድ ደግሞ ከዚያ አሥር እርምጃ አይርቅም። እኔ በሴትዮዋ ላይ ከፈረምኩበት ከአርብ እስከ ማክሰኞ ማንም ውሃውን አላየም። በእነዚያ ቀናት ሁለት ልጆች ተጨምረው ወደቁ። ተርፈዋል፤ ያቺ ሰው የማታውቀውም ተርፋለች። መትረፋቸው ግን ከእኔ ሥራ የመጣ አይደለም።

በዚያ ጾም ሌሎች ሁለት ሰዎች ላይ ፈርሜ ነበር። የሁለቱንም ባክቴሪያ እንደገና ሠራሁ። አንዱ ውሃ ሆነ፤ እውነተኛ ተሸካሚ ነው። ሌላው፣ የዓዲ ኣበይቶ ሰው፣ ዳቦ ጋጋሪ፣ በሃያ ደቂቃ ቢጫ ሆነ። እሱ ግን ከሥራው ከወጣ ሦስት ሳምንት ሆኖት ሥራ ፍለጋ ወደ ባሕሩ ወርዷል አሉኝ። መንደሩ ድረስ ሄጄ ጠየቅሁ፣ ምጽዋም ሰው ላክሁ። አላገኘሁትም። እናቴ ዛሬ ብትኖር ምን እንደሚነክሰኝ እነግራት ነበር።

ፋሲካ አልፎ ማክሰኞ ሥራ ስንገባ ለተገብርኤል መጣች። አዲስ ነጠላ ለብሳለች። ከእናቷ ቤት ያመጣችውን ርግኦ፣ እርጎ መሆኑ ነው፣ በትንሽ ማሰሮ ይዛለች። ስህተቱ የማን እንደነበር አልጠየቀችም፤ ለሷ እኛ ስህተት የሠራን ሳንሆን ቢጫውን ያገኘን ሁለት ሰዎች ነበርን። በዕድሜ ስለሚበልጥ መጀመሪያ ለኣቦይ ዓንደማርያም ቀዳች። በሁለት እጇ ሰጠችው፣ ጉልበቱን ልትስም ዝቅ አለች። የቐንየለይ ኣቦይ ብላ አመሰገነችው፤ ልጄን ከሜዳ አነሱልኝ አለችው። እሱ ዋንጫውን በሁለት እጁ ተቀበለ፣ መረቃት። አልጠጣም። እሷ ሄዳም ዋንጫው እጁ ላይ ነበር።

ነገሩን ላቀልለት ፈልጌ ቆረቡ ወይ አልኩት። በየዓመቱ በትንሣኤ ሌሊት ከሚስቱ ጋር እንደሚቆርብ ሁላችንም እናውቃለን። አልቆረብኩም አለ። በአንዲት ጠብታ ቄሱ ከለከሉዎት ወይ ብዬ ተቆጣሁ።

«ቄስ ኣልጠየቅሁም» አለ። «ኣንዲት ጠብታ ነች፣ እግዚኣብሔር ይፍታሕ ይሉኛል፣ ኣውቃለሁ። እኔን ያስቀረኝ ሌላ ነው። ያችን ሴት ከነልጅዋ ሜዳ ላይ ልጥላት የነበረው ያችኑ ጠብታ እንዳልቀምስ ብዬ ነው። ቀመስኳት።» ዋንጫውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ጥዕምቲ እኳ ኣይኮነትን፣ ጓለይ። ኣትጣፍጥም እንኳ።»

ጨርቁን አንስቶ ወደ ብልቃጦቹ ተመለሰ። እኔ ዕቃ ክፍል ገብቼ የወተት ስኳሩን ማሰሮ ከፈትኩ። ከጎንደር ጀምሮ ስምንት ዓመት የሠራሁበት ስኳር ነው፣ ቀምሼው አላውቅም። በጣቴ ጫፍ ቆንጥሬ ምላሴ ላይ አደረግሁት፤ እንደ ኖራ የደረቀ ነበር፤ ጣፋጭነቱን ቆሜ ጠበቅሁ።